ለዓሣ ዓይን የመጣ ሌንስ

«ደመቀች፣ እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።»

ጎረቤቷ ደመቀች መዳፏን ስትከፍት የዳቦ ፍርፋሪ ተገኘባት። አበባየሁ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ራሷን ነቀነቀች። ባሏ አክሊል ከተቀበረ ወዲህ ለቀስተኛው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ሹልክ ብሎ ጥግ ላይ ባለው አኳሪየም፣ በመስታወቱ የዓሣ ገንዳ፣ ላሉት ዓሦች ዳቦ ይቆርሳል። ጠዋት የደፈረሰውን ውሃ ራሷ ነች የለወጠችው።

«ለቅሶ ቤት ማን ጦሙን ያድራል?» አለች ደመቀች። «እነሱም ሐዘንተኛ ናቸው እኮ።»

አበባየሁ ዓይኗ እንዳበጠ ሳቀች።

አክሊል ነገሌ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ፣ ከእሷ ጋር የከተማውን ሙሽራና የመታወቂያ ፊት ሁሉ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። የራሱ ምኞት ግን አንድ ነበር፤ የቀይዋን ዓሣ ዓይን አቅርቦ አንስቶ፣ ግድግዳ የሚያህል አሳትሞ ፎቶ ቤቱ ውስጥ መስቀል። «ዝናብ በሚናፈቅበት አገር ሰው ገብቶ ውሃ ይይ» ይል ነበር።

ከቀትር በኋላ ሾፌሩ ወንዶሰን ከአዲስ አበባ ካርቶን ይዞ ገባ። አልቅሶ ሲያበቃ እያፈረ ተናገረ።

«አክሊል ያዘዘው ሌንስ ነው። ነጋዴው ሁለት ልኮ፣ ሞክሮ አንዱን ያስቀር፣ ሌላውን መልስልኝ ብሎኛል። እንግዲህ አሁን ... ነገ ማለዳ ስወጣ ሁለቱንም ልውሰድ?»

መመለሱ ቀላል ነበር። ለአበባየሁ ግን የአክሊል ምኞት በዚያው መኪና ተጭኖ የሚሄድ መሰላትና ሆዷ እምቢ አለ።

«አንዱን አስቀራለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ለቅሶው ገበያ ሆነ። አጭሩ ሌንስ የአኳሪየሙ መስታወት ድረስ ተጠግተው የሚያነሱበት ነው፤ ረጅሙ ራቅ ብለው። ደመቀች አጭሩ ለእጅ ይቀላል አለች። የአክሊል ወዳጅ፣ ሽማግሌው ቦናያ፣ ሁለቱንም እንደሚሸጥ ወይፈን አገላብጠው አዩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዓሣዋ ፈሪ ናት?»

«ጥላ ካየች ድንጋይ ስር ነው የምትገባው፣ ኦቦ።»

«ፈሪ ጊደር ከሩቅ ነው የሚያዩዋት። ረጅሙን ያዢ።»

አበባየሁ ተነሥታ አጭሩን ካሜራው ላይ ገጠመችና ተጠጋች። ዓሣዋ ድንጋዩ ስር ገባች፣ ቦናያም ጢማቸውን ዳበሱ። አጭሩ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ረጅሙን ገጥማ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አድርጋ ራቅ ስትል ዓሣዋ ወጣች፤ ፎቶው ላይ ግን የደመቀች ነጭ ነጠላ ከመስታወቱ አብርቶ የዓሣዋን ዓይን ሸፍኖታል። ደጋግማ ሞከረች። የመስኮቱ ብርሃን ገባ፣ የወንዶሰን ሸሚዝ ገባ።

«ይኼም አልሆነም» አለ ወንዶሰን በሐዘኔታ። «ሁለቱንም ልውሰድልሽ መሰለኝ።»

ያኔ ትዝ አላት። አንድ ቀን አክሊል በአሮጌው ሌንስ ሲታገል መብራት ይዛለት ቆማ ነበር፣ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ።

«አበባዬ፣ ቀሚስሽ መስታወቱ ላይ እያበራ አስቸገረኝ። ከፊቱ ጥቁር ነገር ቢኖር አያበራም። እስቲ ጥቁር ለብሰሽ ቁሚልኝ።»

«ሟርተኛ! ማን ሞቶብኝ ነው ጥቁር የምለብሰው?»

አክሊል ከሳቁ ብዛት ካሜራውን አስቀምጦ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እሷም ጥቁሩን ሳትለብስለት ቀረች፣ ዓሣዋም ፎቶ ሳትነሳ።

አበባየሁ ቀና ብላ መስታወቱ ውስጥ ራሷን ፈለገች። የደመቀች ነጠላ አለ፣ የወንዶሰን ሸሚዝ አለ፤ እሷ ጥቁር የሐዘን ልብሷን ለብሳ በቆመችበት በኩል ግን ውሃው እስከ ድንጋዩ ድረስ ይታያል።

«ማንም እንዳይነቃነቅ» አለች። ጥቁር ሻርፗን ከራሷ ላይ አወረደች፣ በሁለት እጇ ዘርግታ በሌንሱ ዙሪያ አለበሰችው፣ ጫፉንም ወደ መስታወቱ ሳበችው። ቀይዋ ዓሣ ዞራ መጣችና ዓይኗ በካሜራው ውስጥ ጥርት ብሎ ሞላ።

«ይኸው፣ ለበስኩልህ» አለችና የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች።