ከውጤቱ በፊት የተሠራ ባና

አቶ ይታየው በየቅዳሜው የልጃቸውን ስንቅ በአህያ ጭነው ዘመሮ ከተማ ይመጣሉ። ትሕትና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከጓደኛዋ ከገሊላ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ዛሬ የአህያዋን ኮቴ ስትሰማ ተነሥታ አልተቀበለቻቸውም፤ በሩን ገሊላ ከፈተች።

የፈተናው ምዝገባ ትናንት ተዘግቷል። ገሊላ ሳምንቱን ሙሉ "ተነሽ እንጂ፣ ፎቶ መነሣት ብቻ እኮ ነው" እያለች ስትነዘንዛት ትሕትና ከአልጋዋ አልወረደችም። አምና ከትምህርት ቤቱ አንድም ሰው አላለፈም። ሁሌ አንደኛ ይወጣ የነበረው፣ ሒሳብ ያስጠናት ማዕረግ የሚባለው ልጅ እንኳ አሁን ገበያው ላይ የገብስ ጆንያ ይሸከማል። እሱን እንዲያ ካየችው ወዲህ አንዱን መስመር ዐሥር ጊዜ ብታነበውም አይገባትም። ከጥር ጀምሮ ክፍል መግባቱንም ትታዋለች።

አባቷ በሶውንና ድፎውን አስገብተው አንድ ከባድ ጥቅል አወረዱ። አዲስ ባና ነው፤ ጥቁር የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ገና የበግ የበግ የሚሸት።

"የሁለት ዓመት የበጎቻችን ጸጉር ነው። እናትሽ ስትፈትለው ጣቷ ተላጠ" አሉ። "ዩኒቨርሲቲ የምትለብሺው ነው። 'ቆላ ከደረሳት ግን ትመልሰው' ብላለች።" ብቻቸውን ሳቁ። "ሸማኔው 'ውጤቱ ሳይመጣ?' ቢለኝ፣ የኔን ልጅ አታውቃትም አልኩት።"

ገሊላ ቀስ ብላ ወጣች።

"አባዬ።"

"ወይ።"

"አልተመዘገብኩም። ትናንት ተዘጋ።"

አቶ ይታየው ባናውን እንደያዙ ቆሙ።

"ማን ከለከለሽ?"

"ማንም።"

"ታመሽ ነበር?"

አዎ ብትል እንደሚያምኗት ዐወቀች። ለመንደሩም፣ ለሸማኔውም ያንኑ ይነግሩላት ነበር።

"አልታመምኩም። አቃተኝ።"

አባቷ ባናውን አልጋዋ ላይ አስቀምጠው ስንቁን መልሰው ጫኑ።

"ለእናትሽ እኔ አልነግራትም፤ ራስሽ ንገሪያት" አሉ፣ የጭነቱን ገመድ እያጠበቁ። "ባናውን ያዢና ወደ ቤት እንሂድ።"

ትሕትና ባናውን ተሸክማ ተከተለቻቸው። ገበያው መሀል ሲደርሱ ማዕረግ ጆንያውን አውርዶ ላቡን ጠረገ።

"ጋሼ ይታየው፣ ደህና ዋሉ? እንዴት የሚያምር ባና ነው። የማን ነው?"

አባቷ ለሰላምታው ራሳቸውን ነቅንቀው አህያዋን ወደፊት ነዱ። ትሕትና ባናውን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ መንገዷን ቀጠለች።