በመንሱራ የተነበበው «የጨው ጉድጓድ»

ሙባረካ የምትሠራበት ቤት የማዳም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማንጋ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ ማንበብ ተወ። ክፍሉን ሲያስጠርግ ሁለት ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ አውጥቶ ለሙባረካ «ጣይው» አላት። ሙባረካ ግን የሚጣለውንና የማይጣለውን ለይታ የምታውቅ ሴት ነበረችና ካርቶኖቹን በታክሲ ጭና ሪያድ መንሱራ ሰፈር ወዳለችው ባለ አንድ ክፍል ቤቷ ወሰደቻቸው።

ልጇ ፊርደውስ እዚሁ ሪያድ ተወልዳ አሥራ አንድ ዓመቷን ይዛለች። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌላት ትምህርት ቤት አልገባችም። አረብኛ ማንበብ ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ ሙባረካ ራሷም የተማረችው የአሠሪዎቿን ልጆች የቤት ሥራ ስታሠራ ነው። ፊደል የቆጠሩበት መጽሐፍ እያለቀባቸው ሲቸገሩ ነበርና ያ ሁለት ካርቶን ቤቱን በአንድ ጊዜ ሞላው።

አባትየው አብዱረሂም ሴራሚክ ያነጥፋል። መጀመሪያ ቀን አንዱን መጽሐፍ አንስቶ እንደ አማርኛ መጽሐፍ ከግራ በኩል ገለጠውና ጀግናው ሲቀበር አየ። ሰውየው ሞቶ ነው ወይ ታሪኩ የሚጀምረው ብሎ ሲጠይቅ እናትና ልጅ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁበት። ማንጋ እንደ አረብኛ ከቀኝ እንደሚጀመር ነገሩት። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሦስቱ ፍራሽ ላይ ተደርድረው ማንበብ ልማድ ሆነ። ፊርደውስ አረብኛውን ታነባለች፣ ሙባረካ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች፣ አብዱረሂም ሥዕሉን ያያል። ከዚያ ክርክር ነው። ፊርደውስ የሰዎቹ ዓይን አምሮ ከተሳለ ሌላውን ጉድለት ሁሉ ይቅር ትላለች። ሙባረካ ልጁን ጀግና ለማድረግ ሲል እናቱን በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚገድል ደራሲ ያንገበግባታል። አብዱረሂም የጠብ ዳኛ ነው። አንድ ቀን በየገጹ ሰይፍ የሚማዘዙበትን መጽሐፍ ዘጋና «ይህን የሳለ ሰው ተመትቶ አያውቅም» አለ። «ጥርሱ የወለቀ ሰው ይህን ሁሉ ንግግር አያደርግም።»

ክርክሩን በስልክ መቅረጽ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስልኩን ሩዝ ጆንያው ላይ አስደግፈው ገጹንና እጃቸውን ብቻ ያሳያሉ፤ ፊታቸው አይታይም። ቀስ በቀስ አድማጭ አገኙ። ልብስ እየተኮሱ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰሙ የቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሕንጻ ላይ እየዋሉ የሚሰሙ ወንዶችም ነበሩ። ፎቅ ላይ የሚኖረው ግድግዳ ለሳኙ ገብረሥላሴ አንዱ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዓርብ ሲሆን ለፊርደውስ የማንጎ ጭማቂ ይዞላት ይወርዳል፣ ሰጥቷት ይመለስና እላይ ሆኖ ይሰማል።

«የጨው ጉድጓድ» የሚባለውን የጀመሩት የሪያድ ብርድ ሲገባ ነው። ጨው የሚያወጡ እስረኞች ታሪክ ነው። አራተኛው መጽሐፍ ላይ ጠባቂው አንዱን እስረኛ ሰቅሎ ሲገርፍ ይታያል፤ እየገረፈ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል። ፊርደውስ ገጹን ልትገልጥ ስትል አባቷ እጇን ያዘ።

ሙባረካ የባሏ ሁለት ጣቶች ጠማማ መሆናቸውን ከመጋባታቸው በፊትም ታውቃለች። በባሕር ተሻግሮ በየመን ሲመጣ ገደል ወድቆ የተሰበሩ እንደሆኑ ነግሯት ነበር፤ እሷም አምናው ነበር።

«ይኼ ሰዓሊ ያውቃል» አለ አብዱረሂም፣ ለልጁም ለሚስቱም ሳይሆን ለገጹ የሚናገር ይመስል። «የሚገርፍ ሰው የተቆጣ ይመስላችኋል። የተቆጣ ሰው ይደክመዋል። የመን፣ የደላሎቹ ሆሽ ውስጥ እኛን የሚገርፈን ሸውካ ይባል ነበር፤ አንገቱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። እየገረፈ ስልክ ያወራል። የሐርቡውን ልጅ አሊን የገደለው ከሚስቱ ጋር ስለ ቤት ቀለም እያወራ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ደላሎቹ ስደተኛውን አጉረው ከቤተሰቡ ገንዘብ የሚያስልኩበት ያ ግቢ ሽታው እንዴት እንደነበር፣ ጣቶቹ በፒንሳ እንዴት እንደተሰበሩ፣ አሊ ከተሰቀለበት ማገር ሲወርድ ገና ነፍሱ እንዳልወጣች፣ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ውኃ ሊያጠጣው ሲል ውኃው በአፉ ጥግ እንደፈሰሰ። ፊርደውስ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችው። ሙባረካ ሲቀርጽ የቆየውን ስልክ አጠፋች። ይህን ቆርጬ ላውጣው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ እንደወደድሽ አላት። አድራ አሰበችበትና ሳትቆርጥ ለቀቀችው።

አስተያየቱ እንደ ጎርፍ መጣ። እኔም እዚያ ነበርኩ የሚሉ ብዙዎች ሆኑ። አንዱ ደግሞ ያ ገራፊ የመን የለም፣ እዚሁ ሪያድ ዑድ ሰፈር ውስጥ ለሐበሻ አልጋ እያከራየ ይኖራል ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ከአገር ቤት፣ ከሐርቡ፣ ስልክ ተደወለ። ሸምሲያ የምትባል ሴት ነበረች፤ የአሊ እናት። ልጅሽ የመን ታስሯል ተብላ ስንት ዓመት በር በሩን ስታይ ኖራለች። አብዱረሂም ኮሪደር ላይ ወጥቶ አናገራት። ሙባረካ በበሩ ክፍተት ሰማች። ሴትየዋ ከሁሉም በላይ የጠየቀችው ልጇ ታጥቦ መቀበሩን ነበር። ለመጠጥ ባስቀሩት ውኃ እንዳጠቡት ነገራት። መረቀችው።

ስለዚህም ከማይታወቅ ቁጥር «ያወራኸውን አጥፋ፣ ዋሽቼ ነው ብለህም ተናገር» የሚል መልእክት ሲመጣ አብዱረሂም እሺ አላለም። ሙባረካ ስለ ልጃቸው ብላ ለመነችው። አንድ ነገር ብቻ መለሰላት።

«የአሊ እናት እርሟን አውጥታለች። እንደገና ጠብቂው ልበላት?»

እሷም ከዚያ በላይ አልገፋችውም። ሌላ ክፍል መፈለግ ግን ጀመረች፤ ድምፃቸውን ለይቶ ቤታቸውን የሚያውቅ መንሱራ ውስጥ ብዙ ነበር።

ክፍሉ ሳይገኝ ዓርብ ደረሰ። አድማጩ አምስተኛውን መጽሐፍ በቀጥታ ይነበብልን ብሎ ስለወተወተ ፊርደውስ ላይቭ ከፍታ ስልኩን ጆንያው ላይ አቆመችው። ምድጃው ላይ የምስር ሾርባ ይንተከተካል። ጥቂት ገጽ እንዳነበቡ በሩ ተንኳኳ። ፊርደውስ ጭማቂዋ የመጣ መስሏት ሮጣ ከፈተች።

ነጭ ጀለብያ የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ገባ። ሁለት ጎረምሶች ተከትለውት ገቡና በሩን ዘጉ። አብዱረሂም ሰውየውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሙባረካ ጠባሳውን ከማየቷ በፊት ማን እንደሆነ ከባሏ ፊት አወቀች። ሸውካ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና መጽሐፉን አንስቶ አገላበጠው። የቆመውን ስልክ ልብ አላለውም።

«ስሜ የተነሳው በዚህ የልጅ መጫወቻ ነው?» አለ። ከዚያ፣ ብድር እንደሚጠይቅ ጎረቤት በለሰለሰ ድምፅ፣ አብዱረሂም የራሱን ስልክ አውጥቶ ዋሽቻለሁ እንዲል ጠየቀው።

አብዱረሂም አልልም አለ።

ጎረምሶቹ ያዙት። አንዱ አንገቱን በክንዱ ቆለፈ፣ ሌላው እጁን ጎትቶ የብረቱ በር መቃን ላይ አደረገው። ሸውካ ተነስቶ በሩን ከፈተና በሙሉ ክብደቱ ዘጋው። ሙባረካ የአጥንቱን ድምፅ ሰማች፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር። ባሏ መጮህ እንኳ አቃተው። ሸውካ በሩን እንደገና ከፈተና አሁን ትላለህ ወይ አለው። አብዱረሂም ራሱን ነቀነቀ። በሩ እንደገና ተዘጋ።

ሙባረካ ድስቱን ከነፍላቱ አነሳች። ያነጣጠረችው ሸውካ ላይ ነበር፤ ሾርባው ግን የባሏን አንገት የቆለፈው ጎረምሳ ፊት ላይ ፈሰሰ። ጎረምሳው ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ እየጮኸ ግድግዳ ለግድግዳ ተላተመ። ሸውካ ከጀለብያው ሥር የብረት ቧንቧ አወጣና መንጋጋዋ ላይ አሳረፈባት። ወለሉ ወደ እሷ መጣ። አፏ ውስጥ ደምና የጥርስ ስባሪ ነበር፤ ምራቋን ስትተፋ ሦስት ነገር አብሮ ወደቀ። ቀና ስትል ፊርደውስ የሰውየው እግር ላይ ተጠምጥማ ባቱን ነክሳዋለች። እግሩን አራገፈ፤ ልጅቱ ተወርውራ ግንባሯ ከምድጃው ጠርዝ ጋር ተጋጨ።

ያኔ ሙባረካ ሰው መሆኗን ረሳች። ባዶውን ድስት በጆሮው ይዛ ሸውካን ጆሮ ግንዱ ላይ መታችው። ሲንገዳገድ ደገመችው። ሲወድቅም አልተወችውም።

ደረጃው ላይ ብዙ እግር ሲሮጥ ተሰማ። ስልኩ እስከዚያች ደቂቃ ሁሉን ያሰማ ነበር። መጀመሪያ የገባው ገብረሥላሴ ነው፤ ጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በእጁ መዶሻ ይዟል። ከኋላው ከየፎቁና ከጎረቤት ሕንጻ የመጡ ወንዶች ክፍሉን ሞሉት። ጎረምሶቹን እየደበደቡ አወጧቸው። ሸውካን ግን አላወጡትም። ጀለብያው እስኪቀደድ ረገጡት፤ አንዱ ቀበቶውን ፈትቶ በዘለበቱ ፊቱን ገረፈው፣ አንድ ዓይኑ በደም ተሸፈነ።

ገብረሥላሴ ሌሎቹን ገፍቶ ደረቱ ላይ ተንበረከከበት። የሰውየውን ቀኝ እጅ ወለሉ ላይ ዘረጋው።

«ከእኔ ጋር ሆሽ የነበሩትን ስማቸውን ንገረኝ» አለው።

ሙባረካ እሱም እዚያ እንደነበር አታውቅም ነበር፤ ማንም አያውቅም። ሸውካ አላውቃቸውም አለ። ገብረሥላሴ የአንዱን ስም ጠራና መዶሻውን አውራ ጣቱ ላይ አወረደ። የሁለተኛውን ስም ጠራ፤ ቀጣዩን ጣት ሰበረ። እንዲህ እያለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ግድግዳ እንደሚለስን ሰው ከጥግ ወደ ጥግ ሄደ። ጣቱ ሲያልቅ የሚጠራ ስም ገና ነበረው። መዶሻውን ወደ ግንባሩ አነሳ።

ፊርደውስ ቆማ ታይ ነበር። ደሟ በቅንድቧ ላይ ይወርዳል፤ አላበሰችውም። ሙባረካ ልትጮህ ብትሞክር መንጋጋዋ አልታዘዝ አላት። በጉልበቷ ተሳበችና የገብረሥላሴን ክንድ በሁለት እጇ ይዛ ተንጠለጠለችበት። ቃል ያገኘው አብዱረሂም ነበር፣ ከመቃኑ ሥር እንደተቀመጠ።

«ገብሬ፣ ልጄ እያየችህ ነው።»

ገብረሥላሴ ዞር ብሎ ልጅቱን አያት። መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ከሰውየው ደረት ላይ ተነሳ። ሌሎቹ ግን አልበቃቸውም፤ ሸውካን በእግሩ ጎትተው ጭንቅላቱ በየደረጃው እየተመታ አወረዱት። ታች ሲደርሱ የሹርጣ፣ የሪያድ ፖሊስ፣ ሳይረን ተሰማ፤ በመንገዱ ላይ ጥለውት እያንዳንዱ በየአቅጣጫው ጠፋ።

ሙባረካ ባሏንና ልጇን ይዛ በሕንጻው የጓሮ በር ወጣች። መጽሐፎቹም ልብሱም ቀሩ። ዲራ ሰፈር ውስጥ ነስሪን የምትባል የአገሯ ልጅ ክፍሏን አካፈለቻቸው። ሰው በሰው የተለመነ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም መጥቶ የፊርደውስን ግንባር ሰፋ፣ የሙባረካን መንጋጋ አሰረ። የአብዱረሂምን እጅ ግን ሊያድነው አልቻለም። ከጣቶቹ የሚታጠፍ አንድም አልተረፈም፤ ሴራሚክ ማንጠፍ በዚያው ቀረ።

ሸውካ አልሞተም። ሆስፒታል ሰነበተና አንድ ዓይኑን አጥቶ ወደ ተርሂል፣ ከአገር የሚባረሩ ሰዎች እስር ቤት፣ ተላከ ተባለ። ስለ አሊ ማንም አልጠየቀውም። ሹርጣ በማግሥቱ ሕንጻውን አሠሠና ኢቃማ የሌለውን ሁሉ ለቀመ፤ ከተያዙት መካከል ሙባረካን የረገሙ ነበሩ፣ እሷም አልፈረደችባቸውም። ገብረሥላሴ በገዛ እግሩ ሄዶ እጁን ለጀዋዛት፣ ለኢሚግሬሽኑ ፖሊስ፣ ሰጠ። ከመሄዱ በፊት ደውሎላት ነበር። ሸውካ በሕይወት መትረፉ እንደማያናድደው ነገራት። «እጄ ግን አልደከመውም ነበር፣ እህቴ» አላት። «ባትይዢኝ ማቆሚያም አልነበረኝ።» ፊርደውስን አላናገራትም።

ፊርደውስ ለብዙ ሳምንት የምትናገረው ስትጠየቅ ብቻ ሆነ። አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ አባቷ ምንም ሳይላት አምስተኛውን መጽሐፍ ቀድማ በድብቅ እስከ መጨረሻው አንብባው እንደነበር ተናገረች። እስረኞቹ ጠባቂውን እንደሚገድሉት ነገረቻቸው፤ ሥዕሉ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፣ ሁሉም እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይስቃል።

«ሲያነቡት ደስ ይላል» አለች። «ግን ውሸት ነው። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ሮጠ።»

ሙባረካ ልጅቱን ጎትታ ጉልበቷ መሃል አስቀመጠቻትና ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች፤ ግንባሯ ላይ ያለው የስፌት ጠባሳ ገና ቀይ ስለነበር ማበጠሪያውን በጎን በጎኑ አሳለፈችው።