ባዶ የሚመለሰው ሳህን

ቅድስትን መጠርጠር የጀመርኩት ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሥጋ በሁለት እጇ ይዛ ስትግጥ ሳያት ነው።

ዓረብ አገር፣ ሳብያ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለት ሠራተኞች ነን። በወረቀት እኔ ዘቢባ ነኝ፣ እሷ ሩቅያ፤ ስሙን ያወጣልን ደላላው ነው። አበበችና ቅድስት የምንባለው ወጥ ቤት ብቻችንን ስንሆን ነው። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገጣጠሙ። ቀን ቀን ከቤቱ ሰው ጋር እንጾማለን። ሲያፈጥሩ መዳም ሩዝና ሥጋ የሞላ ሳህን ለሁለታችን ትልካለች። እኔ በቴምርና በኹብዝ ዳቦ አልፈዋለሁ። ምግብ መጣል አይቻልም፤ መዳም የቆሻሻውን ፌስታል ሳይቀር ከፍታ ታያለች። ስለዚህ የኔን ድርሻ ወደ ዳር ገፋ አድርጌ እተወዋለሁ። አምናም ጨጓራዬን ያመኛል እያልኩ ያለፍኩት እንደዚሁ ነበር።

ቅድስት ግን የራሷን ጨርሳ በኔ ትደግማለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ የወረኢሉ ጎረቤቴ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም የማትውል ሴት። ሆዳም ፍቅር አያውቅም አልኩ በልቤ። አንድ ቀን ጾሙን እንድትይዝ ብመክራት፣ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ ሰባኪዎቹ ቲክቶክ ላይ ሲሰዳደቡ ይውላሉ፣ መጀመሪያ እነሱ ምላሳቸውን ይጹሙ አለችኝ። የዘንድሮ ልጅ መልስ አያጣም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁልጊዜ ሳህኑን መልሳ ስትወስድ መዳም ሳሎኑ በር ላይ ታቆማትና ይንሾካሾካሉ። እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ። ሃይማኖቷን ሸጣለች፣ ቀጥሎ እኔን ትሸጣለች አልኩ። እውነተኛ ስሜ ከወጣ የስድስት ዓመት እንጀራዬ አበቃ፤ ልብሴን እንኳ ሳልሰበስብ ነው የምባረረው።

በአሥረኛው ቀን ለእናቷ ደወልኩ። ልጅሽ ጾም ገድፋለች፣ ሳትሰልምም አልቀረች አልኳት። የመጀመሪያውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለተኛውን የጨመርኩት ከራሴ ነው። እናትየው ከዚያ ወዲህ የልጇን ስልክ ማንሳት ተወች። ቅድስት ኔትወርክ ነው እያለች ደጋግማ ትሞክራለች። እኔ ሽንኩርቴን እልጣለሁ።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል መዳም ፊቷ ፈክቶ ወጥ ቤት ገባች። አምና ሥጋውን ስትተዪ ክርስቲያን ናት እንዴ ብዬ ጠርጥሬሽ ነበር አለችኝ። ለዚህም ዘንድሮ ሩቅያን እንድትከታተለኝ አዝዛት ኖሯል።

«እሷማ ‹ወላሂ፣ ዘቢባ የኔንም ሳይቀር ትጨርሰዋለች› ነው የምትለኝ። ሳህኑም ባዶውን ይመለሳል፣ ማሻአላህ።»

መዳም እንደወጣች ቅድስትን ይዤ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ብነግርሽ ፈርተሽ ትበዪ ነበር» አለች። «እኔ እንደሁ ድሮም ጾመኛ አይደለሁም፣ እትዬ። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እንጹም ብዬ ነው። አሁንስ ሥጋ አንገሸገሸኝ፣ ኸላስ።»

አፈርኩ፣ አለቀስኩም። ለእናቷ ያልኩትን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው በኔ ስልክ ደወልኩ፣ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍቼ። እናትየው አነሳች። ተሳስቼ ነው፣ ልጅሽ የበላችው እኔን ለማዳን ነው፣ አልሰለመችም፣ እባክሽ አናግሪያት ብዬ ለመንኳት።

«አበበች፣ አንቺንም አበሉሽ?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ቅድስት ዓይኗን ከስልኩ ላይ አላነሳችም። የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።