የተመለሱትን ማን ቆጠረ

ጥር 1977 ዓ.ም. ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። የመካኒሳው ቀበሌ ሊቀመንበር ጓድ በኃይሉ ሁለት ጊዜ ካነበበው በኋላ ጸሐፊዋን ብርነሽን ጠራና ወረቀቱን ሰጣት።

«ጓድ ብርነሽ፣ ይኼ ያንቺ ሥራ ነው።»

ደብዳቤው አጭር ነበር። በቀበሌው ውስጥ ከጉራጌ አገርና ከዋግ መጥተው ጎን ለጎን የሰፈሩ ሰዎች ኑሯቸው እንዲህ የተራራቀው ለምን እንደሆነ ተጠንቶ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይቅረብ ይላል። ከዚያ ቀጥሎ፣ «ቋሚ ሥራ የሌላቸው አባወራዎች ስም ዝርዝር አብሮ ይያያዝ።»

ብርነሽ የኋለኛዋን ዓረፍተ ነገር ደግማ አነበበቻት። ያን ሰሞን ቋሚ ሥራ የሌለው ሰው ወዴት እንደሚላክ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ወደ አሶሳ ሰፈራ ሰው የጫኑ አውቶቡሶች በየሳምንቱ ይወጡ ነበር። «በፈቃደኝነት» ይባላል።

«ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን» አላት በኃይሉ። በፊት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ሥራ የፈታ ሰው ማየት አይወድም። «አንደኛው ወገን ይሠራል፣ ሌላው ይቀመጣል። በአንድ ገጽ ጻፊውና እንገላገል።»

«እንደዚያ ብቻ አይመስለኝም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አንቺስ ከዋግ አይደለሽ? ከነሱ ጋር በአንድ መኪና ነው የመጣሽው። ይኸው ተምረሽ ጸሐፊ ሆንሽ። እነሱን ምን ያዛቸው?»

ብርነሽ ደብዳቤውን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። እውነቱን ነው። በ1966 ዓ.ም. ድርቁ አገሩን ሲያነደው፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ባዶውን በሚመለስ የእህል መኪና ላይ ተጭና ነበር የመጣችው። እናቷ አዲስ አበባ በገቡ በዘጠነኛው ቀን መጠለያው ውስጥ ሞተች። ልጅቷን ፅጌረዳ የምትባል ነርስ ወስዳ ቤቷ አስቀመጠቻት። ቀን የቤት ሥራ፣ ማታ ትምህርት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ቀበሌው ቀጠራት።

በማግስቱ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ጉራጌዎቹ ከአስፋልቱ ዳር ዳር ይዘዋል፤ ሱቅ፣ ልብስ ስፌት፣ ምግብ ቤት። ዋጎቹ ወረድ ብሎ ወንዙ አፋፍ ላይ ናቸው፣ የጭቃ ቤቶቻቸው ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ሁለቱ ይናዳሉ። ብርነሽ አሥር ቀን ሙሉ በር እያንኳኳች ጠየቀች። ሥራህ ምንድን ነው? የማን ቤት ነው? ልጅ ይማራል? ወንዝ ዳር ስትወርድ ሴቶቹ «የኛ ልጅ መጣች» ብለው በርጩማ አቀረቡላት። ደብተሩን ሲያዩ ግን ለጠየቀቻቸው ብቻ በአጭሩ መለሱ።

ቆጥራ ስትጨርስ ቁጥሩ በኃይሉን ደገፈው። ከጉራጌዎቹ አርባ አራት ቤት ሠላሳ ስምንቱ የራሳቸው ንግድ ወይም ቋሚ ደመወዝ አላቸው። ከዋጎቹ ሠላሳ አንድ ቤት ያላቸው ስምንት ብቻ ናቸው፤ ያውም አብዛኞቹ ዘበኞች። የቀሩት ሃያ ሦስቱ የቀን ሥራ ሲገኝ የሚሠሩ፣ ሲጠፋ ጥላ የሚፈልጉ ናቸው። ከእነሱም አሥራ አራቱ በወር ውስጥ አሥር ቀን እንኳ ሥራ አያገኙም፤ በመመሪያው ሥራ የለውም የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ብርነሽ ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ በገዛ ወገኖቿ ተናዳ ነበር። ምን ነበረበት ትንሽ ቢጣጣሩ አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ እንዲህ በማሰቧ አፈረች።

በአካል ሳታገኛት ከጎረቤት ጠይቃ የመዘገበቻት እትዬ ዚነትን ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ሄደችባት። አስፋልቱ መታጠፊያ ላይ ከአባቷ የወረሰችው ሱቅ አላት፤ ሳሙና፣ ጨው፣ ላምባ፣ ክር። ደብተሩን ስታይ ሚዛኗን ትታ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች።

«ግብር ልትጨምሩብን ነው?»

«አይደለም እትዬ ዚነት። እናንተ እንዴት እንደተለወጣችሁ ነው የምጠይቀው።»

ዚነት ሳቀች። «ተለወጥን እንዴ? እኔ ሳላውቀው? እስኪ ቁጭ በይ። አባቴ የመጣው በ1945 ነው። ብቻውን እንዳይመስልሽ፤ የአንድ መንደር ጎረምሶች አሥራ ሰባት ሆነው፣ በእግራቸው። እዚህ ደግሞ የአባቱ ወንድም ቀድሞ ገብቶ ነበርና አንዲት ክፍል ውስጥ ተደራርበው አደሩ። ጫማ ጠረጉ፣ ጆንያ ተሸከሙ፣ ቆራሌው እያሉ ጠርሙስ ለቀሙ። ይቺን ሱቅ የከፈተው በ1959 ነው።»

ብርነሽ በአእምሮዋ ደመረች። አሥራ አራት ዓመት። ዋጎቹ ከመጡ ገና አሥራ አንደኛ ዓመታቸው ነው።

«ከአሥራ ሰባቱ አሁን አዲስ አበባ ያሉት ስንት ናቸው?»

ዚነት በጣቶቿ ቆጠረች። አንዱን ስም አንስታ «እሱ አይደለም» ብላ መለሰችው። «ስድስት።»

«ሌሎቹ ሞቱ?»

«ምን ይሞታሉ! አገራቸው ገቡ እንጂ። አንዱ ከሰረ፣ አንዱ ታመመ፣ አንዱ ከተማው አልጣመውም። አገር ቤት እንሰት አለ። እንሰት እኮ አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ ብሎ አይከዳሽም። እዚህ ያልሆነለት ሄዶ ቆጮውን ይበላል፣ ሲሻለው ይመለሳል፣ ካልሆነም እዚያው ይቀራል። አንቺ ደብተርሽ ላይ የጻፍሽው የቀረነውን ነው። የሄዱትን ማን ቆጠረልሽ?»

ብርነሽ ደብተሯ ጥግ ላይ «የሄዱት» ብላ ጻፈች። አሥር ቀን ሙሉ ስትጠይቅ ይኼን ጥያቄ አንድም ጊዜ አላነሳችውም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወንዝ ዳር ወረደችና አያ እንግዳን ፈለገች። እንግዳ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሥራ በተገኘ ቀን እህል በረንዳ ጆንያ የሚሸከም ሰው ነው። ከዋግ ሲመጡ በዚያ መኪና ላይ አብሯቸው ነበር። የብርነሽን እናት ጉድጓድ የቆፈረው፣ ለቀስተኛ እንኳ ባልነበረበት ቀን፣ እሱ ነው። ስትደርስ የአንድ ጎረቤቱን የተናደ ግድግዳ በድንጋይ እየካበለት ነበር። ድንጋዩን በእጁ ያገላብጠዋል፣ ፊቱን ያይለታል፣ በመዶሻ አንድ ሁለቴ መታ ያደርገውና ያስቀምጠዋል። ጭቃ ሳይገባበት ልክክ ይላል።

«አያ እንግዳ፣ ያ ክፉ ዘመን ካለፈ በኋላ ለምን ወደ አገር አልተመለሱም?»

«በ69 ተመልሼ ነበር» አላት እጁን ሳያቆም። ብርነሽ ይኼን ሰምታ አታውቅም። «መሬት በአዋጅ ሲደለደል እዚያው ለተገኘ ሰው ነው የተሰጠ። እኔ እዚህ ጆንያ ሥር ነበርኩ። ስሄድ የአባቴን ማሳ የጎረቤት ልጅ ያርሰዋል። ክፉ አልሆነብኝም፤ ምሳ አበላኝ፣ መደብ አነጠፈልኝ። ስሜም እንግዳ፣ ነገሬም እንግዳ። አንድ ቀን አድሬ ተመለስኩ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹም ያው ናቸው። የሚመለስበት ያለው ሰው እዚህ አፋፍ ላይ ምን ያደርጋል?»

ብርነሽ ጥናቱን በአራት ገጽ ጻፈችው። ከሥራና ከገቢው ሌላ ሦስት ዓምድ ጨመረች። ከተማ የገቡበት ዘመን፣ ሲመጡ የተቀበላቸው ሰው፣ ኑሮ ቢጠፋ የሚመለሱበት ቦታ። በዋጎቹ ሠላሳ አንድ ቤት ፊት የመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች «የለም» ሆነ። መደምደሚያው ላይ እንዲህ አለች፤ የአንዱ ወገን ኑሮ የተለካው ከተማ በቀሩት ብቻ ነው፣ የሌላው ግን በመጡት ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ማን ታታሪ ማን ሰነፍ እንደሆነ በዚህ ቆጠራ ማወቅ አይቻልም። ስለ ራሷም አንድ መስመር አሰፈረች፤ ይህን የጻፈችው ሴት ሲመጡ ተቀባይ ካገኙት ጥቂቶች አንዷ ናት።

በኃይሉ አራቱንም ገጽ አነበበ።

«ይኼ ጥናት ነው ወይስ ሙግት?»

«ያገኘሁት ይኼው ነው።»

«ዝርዝሩስ?»

አሥራ አራቱን ስም ሰጠችው። በኃይሉ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ስሚ ብርነሽ፣ እኔ በነሱ ቂም የለኝም። ግን ሥራ የሌለው ስንት ነው ሲሉኝ ዝም ልላቸው አልችልም።»

«ሥራ ቢኖራቸውስ?»

«ካላቸው ማን ይነካቸዋል?»

«በአምራች ማኅበር የተደራጀ ሰው ሥራ አለው ይባላል አይደል?»

በኃይሉ ቀና ብሎ አያት። «መመሪያው እንደዚያ ይላል።»

«እንግዲያው ዝርዝሩን ለአንድ ሳምንት ይያዙልኝ።»

በማግስቱ ወደ ጀሞ በእግሯ ሄደች። ያን ጊዜ ጀሞ ማሳና ግጦሽ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቀጄላን በሬዎቹን ውኃ ሲያጠጣ አገኘችው፤ ድንጋያማውን ተዳፋት በጣቷ እያሳየች ሰዎቿ ድንጋዩን ፈልጠው ቢወስዱ ይፈቅድ እንደሆን ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ያን ድንጋይ የሚወስድልኝ ሰው ስጠኝ ብዬ ስለምን የኖርኩ ሰው ነኝ» አለ ቀጄላ። «ስንት ማረሻ ሰብሮብኛል! ግን በነጻ አይሆንም። ለማኅበራችን የእህል ጎተራ የሚሆን ግድግዳ ይካቡልን። ከዚያ ወዲያ ተራራውን ይዘውት ይሂዱ።»

የቀረው መዶሻና መሮ ነው። ብርነሽ ለዚነት ነገረቻት። ዚነት ብዙም አላወራችም። መርካቶ ብረታ ብረት የሚሸጥ የአክስቷ ልጅ ዘንድ ሄዳ፣ ለአሥራ አራት ሰው የሚበቃ መሣሪያ በራሷ ዋስትና አስወጣች። «እኛንም ሰው ነው የተቀበለን» አለች ጆንያውን ስታስረክብ። «ካበላሹት ግን አንቺን ነው የምይዘው!»

ሐሙስ ዕለት ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሦስት ሰዎች ፈረሙ፤ ብዙዎቹ በአውራ ጣታቸው። አሥራ አራተኛው እንግዳ ነበር። ቀለሙን አየው፣ ጣቱን ግን አላነሳም።

«እኔን ሰርዢኝ» አላት።

ብርነሽ የሚቀልድ መሰላት። «አያ እንግዳ፣ የእርስዎን አካካብ ባላይ ኖሮ ይኼ ማኅበር አይታሰብም ነበር እኮ።»

«አካካቡን ለነዚህ አሳያቸዋለሁ፤ እስክሄድ ድረስ ጊዜ አለ። አሶሳ መሬት ይሰጣሉ አሉ።»

«ወባ አለ። ሰው እያለቀ ነው ይባላል።»

«ይባላል።» እንግዳ ወንበሩን ስቦ ቀረብ አለ። «ያን የጻፍሽውን ወረቀት እዚሁ ቀበሌ የሚሠራ ልጅ አንብቦልኛል። ሐሰት የለበትም። የሚመለስበት የለውም ብለሻል። የሚሄድበትስ? እሱን አልጠየቅሽኝም።»

«እናቴን የቀበሩ እርስዎ ነዎት» አለች ብርነሽ። «ዝም ብዬ እንዴት ልላክዎ?»

«አንቺ መች ላክሽኝ፣ እኔ ነኝ የምሄድ። ደግሞ ያኔ የቆፈርኩት ወሮታ እቀበላለሁ ብዬ አይደለም። እኔ ገበሬ ነኝ ልጄ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው እህል ተሸከምኩ፤ የራሴን አንድ ቁና ሳላይ ልሙት?»

ብርነሽ ተናዳ ተነሳችና ወጣች። በረንዳው ላይ ቆማ አለቀሰች። ለሱ ስትል ስንት በር አንኳኩታለች! ተመልሳ ስትገባ ቀስ ብላ ስሙን ሰረዘች፤ እሱም እስክትጨርስ ቆሞ አያት።

በሚያዝያ አውቶቡሱ መጣ። ከቀበሌው የተሳፈረው እንግዳ ብቻ ነበር። በኃይሉ አንድ እውነተኛ ፈቃደኛ በማግኘቱ ደስ ብሎት እጁን ጨበጠውና ብርድ ልብስ ሰጠው። ብርነሽ በመስኮት ዳቦ አቀበለችው። አውቶቡሱ ሲነሳ ተሳፋሪው ግማሹ ያለቅስ ነበር። እንግዳ ግን ከፊት ወንበር ይዞ መንገዱን ያያል።

ጥናቱ ከበላይ ደርሶ ምንም መልስ አልመጣም። የድንጋይ ማኅበሩ የቀጄላን ጎተራ በሁለት ወር አቆመ፤ ከዚያ በኋላ ለቡ አካባቢ መሠረት የሚያወጣ ሁሉ እነሱን መጥራት ጀመረ። ሦስት ዓመት ውስጥ አራቱ ወጡ። አንዱ ሳንባውን ታሞ ሞተ፣ ሁለቱ ዘበኛ ሆኑ፣ አንዱ ከማኅበሩ ተጣልቶ ሄደ። ዘጠኙ ግን ቀሩ፤ የመሣሪያውንም ዋጋ ለዚነት ዘመድ ከፍለው ጨረሱ። ሀብታም የሆነ የለም። ክረምት የሚናዱት ቤቶች ግን የድንጋይ መሠረት አገኙ።

ከእንግዳ ለአንድ ዓመት ተኩል ወሬ አልነበረም። በ1979 ኅዳር ከአሶሳ የመጣ አንድ ሹፌር ቀበሌው ድረስ መጥቶ ብርነሽን ጠየቀ። እንግዳ በሕይወት አለ። ወባ ሁለት ጊዜ ጥሎት ተነስቷል፤ ከዚያ ወዲህ ጆሮው አይሰማም። መሬቱ የማኅበር ነው፤ በትራክተር ይታረሳል፣ እህሉ እንደየሥራው ነጥብ ይከፋፈላል። የግሉ ከጎጆው ኋላ ያለችው ጓሮ ብቻ ናት።

«ተቆጭቷል?» አለች ብርነሽ።

«እሱን አልነገረኝም። የነገረኝ ስለ ጓሮው በቆሎ ነው።»

በዓመቱ ጥቅምት ላይ ፈቃድ ጠየቀች። በኃይሉ «ለእረፍት አሶሳ የሚሄድ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» ብሎ ፈረመላት። በአውቶቡስ ሦስት ቀን ፈጀባት። እንግዳን ስታገኘው ከስቷል፣ ጸጉሩ ጨርሶ ነጥቷል፤ ድምጿን ስላልሰማ ትከሻውን እስክትነካው ድረስ ዞር አላለም። ሲያያት እጁን በልብሱ ጠረገ። ከዚያ እጇን ይዞ ወደ ጓሮው ወሰዳት፤ በእርምጃ ስትለካ ከዳር እስከ ዳር ሃያ እርምጃ አትሞላም። አምስት ራስ እሸት ሸለቀቀና ፍም ላይ ጣለላት።

«ብይ» አላት ጮክ ብሎ፣ ደንቆሮ እንደሚናገረው። «የኔ ነው።»

ብርነሽ ሦስት ቀን ተቀምጣ፣ ልብሱን አጥባ፣ የወባ መድኃኒቱን አወሳሰድ ለጎረቤቱ አስረድታ ተመለሰች።