የታጠበው ጠርሙስ

ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታል ጽዳት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የበሰበሰ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። ታናሽ ወንድሜ ይህን ጠባዬን እያወቀ ነው አንድ ጠርሙስ ሙሉ የበሰበሰ ቅጠል አምጥቶ ወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው። «እንዳትነኪው» አለኝ እንጂ ምን እንዳለበት አልነገረኝም። እሱ ደግሞ ስለ በራሪ ነፍሳት አጥንቶ አጥንቶ ከሰው ጋር ማውራት ረስቷል።

አምስት ቀን ታገስኩ። በስድስተኛው እሱ ሥራ ሲሄድ ቅጠሉን ጓሮ ካለው ክምር ላይ ደፋሁት። ጠርሙሱን በበረኪና አጥቤ፣ አብለጭልጬ ቦታው መለስኩት። እንዲያውም ያመሰግነኛል ብዬ ነበር።

ሲገባ ጠርሙሱን አየና ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ለካ ቅጠሉ ውስጥ ከጥፍር የሚያንሱ ትሎች ነበሩ፤ የሞተ ቅጠል በልተው የሚያድጉና ትንንሽ የእሳት እራት የሚሆኑ። ሦስት ዓመት ፈልጎ ነው ያገኛቸው። ክንፍ አውጥተው ካላያቸው የትኛው ዓይነት እንደሆኑ አያውቅም፤ የመመረቂያ ጽሑፉም አያልቅም። «ለትል ነው እንዲህ የምትሆነው?» ልል ነበር፤ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት። እንዲህ ሆኖ ያየሁት እናታችንን የቀበርን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ ነሳኝ።

በማግስቱ፣ ምናልባት የተረፈ ትል ቢኖር ብዬ፣ የጓሮውን ቅጠል በእጄ ዝቄ ባልዲ ሞላሁና ወጥ ቤት አስገባሁት። እኔ! በአሮጌ መጋረጃ ሸፍኜ፣ እንዳይደርቅ ጠዋት ማታ ውሃ እረጨው ነበር። ሽታው አይነገርም። ጎረቤቴ ብቅ ብላ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን መጋረጃውን ስገልጥ አንዲት አመድማ ነገር ብር ብላ የግራ እጄ ላይ አረፈች። ቀኝ እጄ ከነመወልወያ ጨርቁ ሊደፈጥጣት ተነሥቷል። የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ነዋ! እጄን አየር ላይ ገታሁት። ብርጭቆ ላምጣ ብል ትበራለች። ወንድሜ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቷል። ዝም ብዬ ቆምኩ። ክንዴ ደነዘዘ፤ አፍንጫዬን በላኝ፤ አላከክሁትም።

ወንድሜ ሲገባ እንደ ግንድ ተገትሬ አገኘኝ። ከእጄ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ያንኑ ጠርሙስ አወረደና ቀስ ብሎ ደፋባት። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አያት።

«እህትዬ» አለኝ በመጨረሻ፣ «እንኳንም አጠብሽው። ክንፏ ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

ያኔ ነው ያለቀስኩት።