ቀይዋ መኪና ስንት ታወጣለች

ቢቸና ውስጥ የሐብታሙ የኔሰውን ምላስ የማያውቅ የለም። ሐብታሙ ምስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም የሚሸጥበት ደህና የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ስሙን ያስጠራው ግን ሱቁ አይደለም። በንግሥ ቀን ምእመናን ለደብሩ የሰጡት ዕቃ ለጨረታ ሲወጣ ድምፅ ማጉያውን የሚይዘው እሱ ነው። እጁ የገባ ጃንጥላ ተራ ጃንጥላ ሆኖ አይወጣም። ሁለት ነጋዴዎችን እልህ ያጋባና ስምንት መቶ ብር የማይሞላውን ዕቃ በስምንት ሺህ ብር ሸጦት ቁጭ ይላል። ገንዘቡ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ማንም አይቀየመውም። ችግሩ፣ ሐብታሙ ይህ ስጦታ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የተሰጠው አልመሰለውም።

አባቱ አቶ የኔሰው ባለፈው ጥቅምት ሲያርፉ ቤቱንም መሬቱንም ለሁለቱ ልጆቻቸው አስቀድመው አካፍለው ነበር። የቀረችው ጓሮ ውስጥ ከዳስ ሥር የቆመችው ቀይ መኪና ብቻ ናት። ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ የሸራ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። በንጉሡ ጊዜ መንገድ ያሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር የሚነዳት። መንግሥት ሲገለበጥ መሐንዲሱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ አገሩ ገባ፤ መኪናዋን ለመካኒኩ ለአቶ የኔሰው ትቶላቸው ሄደ። ለእንዲህ ያለች መኪና የሚሆን አስፋልት ቢቸና የደረሰው ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።

ሐብታሙ ዕድሜውን ሙሉ መኪናዋን «ያች ቆርቆሮ» ሲላት ኖሯል። ከአባቱ አርባ በኋላ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፋት። በማግስቱ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የአሮጌ መኪና ሰብሳቢ ደወለለት።

«ሞተሯ የራሷ ከሆነ፣ ቁጥሩም በወረቀቷ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ ሁለት ሚሊዮን ብር እሰጥሃለሁ» አለው።

ሐብታሙ ስልኩን ዘጋና ወደ ጓሮ ሄዶ ወንበሯ ላይ የሚያድሩትን ዶሮዎች አባረረ።

ከዚያ ወዲያ «ያች ቆርቆሮ» የሚለው ለታላቅ እህቱ ሲያወራ ብቻ ሆነ። ባንቺዓለም ሞጣ ተድራ እዚያው ወልዳ የከበደች፣ የእህል ወፍጮ ያላት፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የመኪናዋን ነገር እንዲጨርሱላቸው ደብረ ወርቅ ላሉት ለአባታቸው የነፍስ አባት፣ ለአባ ወልደ ሰንበት ነገሯቸው። አባም ሁለት ሽማግሌ ጨምረው በአገሩ ልማድ ፈረዱ። መኪና እንደ እህል አይሰፈር፣ እንደ መሬት በገመድ አይከፈል፤ ስለዚህ ታናሽ ይገምታል፣ ታላቅ ይመርጣል። ሐብታሙ በሽማግሌ ፊት ዋጋ ይጠራል። ባንቺዓለም ከፈለገች የዋጋውን ግማሽ ለወንድሟ ሰጥታ መኪናዋን ትወስዳለች፤ ካልፈለገች መኪናዋ ለእሱ ትሆንና ግማሹን እሱ ይሰጣታል። ልማዱ የወጣው ሰው እንዳይዋሽ ነው። አሳንሶ የጠራ ይነጠቃል፤ አጋኖ የጠራ ይታቀፈዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ ይጠነቀቅ ነበር፤ ሐብታሙ ግን የተጋበዘ መሰለው።

የመጀመሪያው ዕቅዱ ቀላል ነበር። ወፍጮ ቤት የምትውል ሴት ለአሮጌ ብረት ገንዘብ አታወጣም፤ ስለዚህ ስልሳ ሺህ ይላል፣ ሠላሳውን ይሰጣታል፣ ሁለት ሚሊዮኑን ለብቻው ይበላል። ዋጋው ለምን እንዳነሰ የሚያስረዳ የጉድለት ዝርዝር ግን ያስፈልገዋል። ይህን እንዲያወጣለት ሞጣ ጋራዥ ያለውን ኸይረዲንን አስመጣ። ኸይረዲን አባቱም አያቱም ሞጣ ላይ በንግድ የኖሩ፣ በእጁ እንጂ በአፉ የማይሠራ ሰው ነው። ማግኔቱንና የእጅ ባትሪውን አውጥቶ መኪናዋን መዞር ጀመረ። ሐብታሙ ደብተርና እስክርቢቶ ይዞ ተከተለው።

ኸይረዲን ማግኔቱን በሩ ላይ ቢለጥፈው መሬት ወደቀ። «ይሄ ቀዳዳ መድፈኛ ስቱኮ ነው። ከሥሩ ብረት የለም» አለ።

«ስቱኮ! ጻፍሁ። ሌላስ?»

«ወለሉን ዝገት በልቶታል። እግርህን ብትጫን መሬት ትረግጣለህ።»

«ግሩም ነው! ቀጥል።»

ኸይረዲን ቀና ብሎ አየው። የዕቃው ጉድለት ሲነገረው እንዲህ የሚፈነድቅ ባለቤት አጋጥሞት አያውቅም። ጣሪያው መበስበሱን፣ መሪው መላላቱን፣ የኋላ መብራቷ የሞተር ብስክሌት መብራት መሆኑን ነገረው፤ ሐብታሙም እያንዳንዱን እያመሰገነ ጻፈ። በመጨረሻ ኸይረዲን ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለና ብዙ ቆየ።

«ይሄ ሞተር የእሷ አይደለም» አለ።

«የእሷ አይደለም፤ ጻፍ...» የሐብታሙ እስክርቢቶ ቆመ። «ምን አልህ?»

«የጃፓን ፒክአፕ ሞተር ነው። ቁጥሩም ሌላ ነው። ግን ያስገባው ሰው እጅ ነበረው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ አይገኝም።»

ሐብታሙ ደብተሩን አጠፈ። «ታዲያ ስንት ታወጣለች?»

«መልኳን ለሚወድ ሰው ሁለት መቶ ሺህ። ከዚያ በላይ የሚጠራ ወይ አያውቅም፣ ወይ ሌባ ነው።»

አዲስ አበባ ቢደውል ሰብሳቢው የሞተሩን ነገር ሰምቶ መልካም ቀን ተመኘለትና ዘጋው። ሁለት ሚሊዮን ብር የአንድ ደቂቃ ወሬ ሆና ቀረች።

ሐብታሙ ኸይረዲንን ሲሸኘው ትከሻውን ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ይህች ነገር በእኔና በአንተ መካከል ትቅር» ብሎ ለመነው።

«ካልጠየቁኝ አልናገርም» አለ ኸይረዲን። «ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

ሁለት መቶ ሺህ ለሌላ ሰው ገንዘብ ነው። መቶውን ለእህት፣ መቶውን ለራስ አድርጎ፣ አባትን አመስግኖ መለያየት ይቻል ነበር። ሐብታሙ ግን ሁለት ሚሊዮኑን በልቡ ከፋፍሎ ጨርሶት ስለነበር ሁለት መቶው የተዘረፈ ያህል አንገበገበው። ምሳ ቀርቦለት አንገቱን ደፍቶ ሳለ ዐይኑ በራ። ባንቺዓለም ያችን መኪና ትወዳታለች! በሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ለመልሷ ሞጣ ሄደው ያመጧት አባቷ በዚያች መኪና አልነበረም? መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ ስለምትይዝ ሙሽራው በእህል መኪና ተጭኖ ከኋላ ሲከተል አልነበረም? እንዲህ ያለች መኪና ለማንም ሰው ትሰጣለች? አትሰጥም። እንግዲያው ዋጋው ወደ ላይ ይሂድ፤ ትክፈል።

ያንኑ ደብተር ገልጦ ዝርዝሩን እንደገና ጻፈው። ስቱኮው «በባለሙያ የታደሰ ገላ» ሆነ። የተበላው ወለል «ክብደቷ ቀላል» ተባለ። የበሰበሰው ጣሪያ «ከፋብሪካ ከወጣች ያልተቀየረ» የሚል ማዕረግ አገኘ። የሞተሩን መስመር ሁለት ጊዜ ሰረዘውና «ጠንካራ» ብሎ አለፈው።

ረቡዕ ዕለት የእህቱን ልብ ሊያሟሙቅ ሞጣ ወረደ። ባንቺዓለምን ወፍጮ ቤት ዱቄት ለብሳ አገኛት።

«እታለም፣ የመልስሽ ዕለት ትዝ ይልሻል? አባባ ጣሪያውን አጥፎ፣ አንች ሻሽሽን እያውለበለብሽ ከተማ ስትገቡ?»

«ትዝ ይለኛል» አለችው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ቆርቆሮ ስላት ኖሬ አሁን ነው የገባኝ። የአባባ ነፍስ ያለችው እዚያች መኪና ውስጥ ነው።»

ባንቺዓለም እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ትክ ብላ አየችው። «ሞተሯስ እንዴት ነው?»

«ሞተሯማ የጣሊያኑ ነዋ! አባባ ያንን ሞተር ሰው እንዲነካው ይፈቅድ ነበር?»

ዐይኗ እንባ ሞላ። ፊቷን ወደ ወፍጮው አዞረችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሐብታሙ ጀርባዋን ደባበሳት፤ እንባዋን ሲያይ ደግሞ ስምንት መቶ ሺህ ብሎ ያሰበውን ዋጋ በልቡ ዘጠኝ መቶ አደረሰው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብረ ወርቅ፣ አባ ወልደ ሰንበት ግቢ ተሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከቅዳሴ የወጣው ሰውም ወሬ ሸትቶት አጥሩን ሞላው። ከመሃላቸው በሐብታሙ ምላስ ጃንጥላ የገዙ ሁሉ ነበሩ። ባንቺዓለም ጥቁር ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

ሐብታሙ ተነሣ። ድምፅ ማጉያ አላስፈለገውም። ስለ ጣሊያን ብረት፣ ስለ ታደሰው ገላ፣ በዚህ ዘመን ሚሊየነሮች እንዲህ ያለች መኪና ሲያገኙ እንዴት እንደሚያለቅሱ ተናገረ። አጥሩ ላይ ያሉት በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎን ለጎን የነበሩ ሁለት ነጋዴዎችማ፣ መኪናዋን ሳያዩ፣ ሊጫረቱ ምንም አልቀራቸውም።

«ዋጋዋ» አለ በመጨረሻ፣ «ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር!»

«ወንድሜ፣ ሞተሯ የራሷ ነው?» አለች ባንቺዓለም ከተቀመጠችበት።

«የራሷ ነው!»

አባ ወልደ ሰንበት ወደ እሷ ዞሩ። «እንግዲህ ምርጫው ያንች ነው፣ ልጄ።»

«እሱ ይውሰዳት» አለች።

ሐብታሙ ሳቀ። «ቀልዱን ተይው፣ እታለም።»

«አልቀለድሁም። ይህን ያህል የምታወጣ መኪና ከወንድሜ አልነጥቅም። የእኔን አራት መቶ ሃምሳ ሺህ ይስጠኝ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። አራት መቶ ሃምሳ ሺህ ማለት ለቤት ሥራ የገዛው ቦታና ሱቁ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ በሙሉ ነው።

«አባ» አለ፣ «ዋጋውን... ትንሽ ባስተካክለው?»

አባ ወልደ ሰንበት ረጋ ብለው አዩት። «የተጠራ ዋጋ የሚመለሰው በአንድ መንገድ ነው፣ ልጄ። የጠራው ሰው ዋሽቻለሁ ካለ። ዋሽተሃል?»

ሐብታሙ ወደ አጥሩ ተመለከተ። ዋሽቻለሁ ቢል ገንዘቡ ይተርፍለታል። ነገር ግን ከዚህ ወዲያ በንግሥ ቀን ጃንጥላ ሲያነሣ ማን ያምነዋል? እስከ ዛሬ የገዙትስ ቤታቸው ገብተው ጃንጥላቸውን ገልብጠው አያዩም? ሌላው ሰው ስሙን በእውነት ይጠብቃል፤ ሐብታሙ ግን ስሙን የሠራው በውሸት ላይ ስለሆነ ሊነካካው ፈራ።

«አልዋሸሁም» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ አባና የስምምነቱን ወረቀት አቀረቡለት። ገንዘቡን እስከ ፋሲካ ሊከፍል ፈረመ። የአጥሩ ሰዎች እየመጡ እንኳን ደስ አለህ አሉት፤ አንዱማ ከልቡ ቀንቶ እጁን ጨብጦ አልለቅ አለው።

ወንድምና እህት መኪና ሊጠብቁ አስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ቆሙ፤ እሷ ወደ ሞጣ፣ እሱ ወደ ቢቸና። ሐብታሙ፣ «ኸይረዲን ነግሮሽ ነው» አለ።

«ኸይረዲን ምንም አላለኝም። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የራሷ ሞተር ዓባይ በረሃ ላይ ሲሰነጠቅ አባባ ሌላ ፈልጎ አስገባላት። ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። አንተ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርህ።»

«ታዲያ ካወቅሽ ረቡዕ ለታ ምን አስለቀሰሽ?»

«አንተ ነሃ! ዐይን ዐይኔን እያየህ ስትዋሸኝ ምን ላድርግ?»

ከሩቅ ሚኒባስ ብቅ አለ። ባንቺዓለም እንዲቆም እጇን ዘረጋችና ለወንድሟ ቦርሳዋን ከፈተችለት። ውስጡ በላስቲክ የታሰረ ብር ነበር።

«ሁለት መቶ ሺህ ነው። አራት መቶ ሺህ ትላለህ ብዬ ግማሹን ያመጣሁት ነው። ዋጋዋ ያን ያህል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን የአባባ ናት፣ አንተም ወንድሜ ነህ። ትንሽ መዋሸትህ እንደማይቀር አውቄ ለውሸትህም ጨምሬ ነበር የያዝሁት። እሱም አልበቃህም።»

ቦርሳዋን ዘግታ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ሐብታሙ እጁ በሩ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ረዳቱ «አባት፣ እጅህን አንሣ» ሲለው አነሣው። ዋሽቻለሁ ሊላት አፉን የከፈተው ሚኒባሱ ርቆ ከሄደ በኋላ ነው።