ድድ ያበቀለው ሽቦ

ጥርስ ሠሪዋ የዚያን ቀን ጠዋት ብቻዋን ትስቅ ነበር፤ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ፍርሃት። ሰባት ወር የለፋችበት የኤሌክትሪክ ጊታር ፎጣ ተነጥፎለት ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። የቀረው ሽቦ መበየድ ብቻ ነው። ችግሩ የጊታሩ ገላ የተቆረጠው ከዚሁ ጠረጴዛ ከሚታጠፈው ክንፍ መሆኑ ነው። ጠረጴዛው የአማቷ ስጦታ ነው፤ አማቷ ደግሞ ለምሳ ይመጣሉ።

«እማዬ ይሄን ስትሰጠን ‹ከልጄ እኩል ያዙት› ነበር ያለችው» አለ ባሏ።

«አንተንስ ፀጉርህን የምቆርጥህ እኔ አይደለሁ?»

ሐሳቧ አማቷ ገና በሩን ሲያልፉ ጊታሩ ጥርት ብሎ እንዲጮህና እንዲያስቃቸው ነው። የሳቀ ሰው አይቆጣም። እሳቸው ግን ዓመታት ያለ ጥርስ ስለኖሩ፣ ምራታቸው አዲስ ጥርስ ከሠራችላቸው በኋላም ፈገግ ባሉ ቁጥር አፋቸውን በእጃቸው ይከድናሉ። ልማድ ክፉ ነው።

መበየጃውን አግላ የክሮቹን ድምፅ ከሚይዘው ማግኔት የመጡትን ሁለት ሽቦዎች ከድምፅ ቁልፉ ጋር በየደች። ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት ሥር የሚገባውንና እንዝዝታን የሚያስቀረውን የግራውንድ ሽቦ ትናንት ጨርሳዋለች። ክሮቹን ወጠረች፣ ገመዱን ሰካች፣ ማጉያውን ከፈተች።

እንዝዝዝዝዝ!

«ጊታር ነው ወይስ ቀፎ?» አለ ባሏ።

ክሮቹን በመዳፏ አፈነቻቸው፤ ጩኸቱ ወይ ፍንክች! ይኼኔ በሩ ተንኳኳ። ጉድ ፈላ።

አማቷ ገቡ። ጊታሩን አዩ፣ ጠረጴዛውን አዩ፣ መልሰው ጊታሩን አዩ። ከክሮቹ ሥር የካውያ ቃጠሎ አለ፤ ድሮ ልብስ ሲተኩሱበት ራሳቸው ያቃጠሉት ስለሆነ አልጠፋቸውም። ምራቲቱ እጅ ከፍንጅ ተያዘች።

«ቆርጠሽው ሲያበቃ ደግሞ እኔን ይሰድበኛል?» አሉ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ዝም ላሰኘው!»

ሊነቅሉት የገመዱን ጫፍ ብረት ጨበጡ። ጸጥ አለ። ለቀቁት፤ እንዝዝ! ደግመው ጨበጡት፤ ጸጥ።

«እማማ፣ በሞቴ እንዳይለቁት!»

ጥርስ ሠሪዋ ግንባሯን መታች። ይሄን ብረት ሲነኩት ጸጥ ካለ፣ ክሮቹን ሲነኳቸው ግን እንቢ ካለ፣ ክሮቹ ከግራውንዱ አልተገናኙም ማለት ነው። ማጉያውን አጥፍታ፣ ክሮቹን አላልታ ያረፉበትን ብረት ፈታችው። የግራውንዱ ሽቦ ጫፍ ሮዝ ሆኗል! የሰው አፍ እንዳይወጋ የሽቦ ጫፍ ሁሉ በሰው ሠራሽ ድድ መሸፈን አለበት፤ የሙያዋ ሕግ ነው። እጇ ሳያማክራት የጊታሩንም ሸፍኖታል። ድዱ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

«ድድ አብቅዬለት!» ብላ በሳቅ ፍርስ አለች። ባሏም ተከተላት። አማቷ ግን አልሳቁም።

«የእኔንም ጥርስ እንዲህ ነው የሸፈንሽልኝ?»

«አዎ እማማ። ወግቶዎት ያውቃል?»

«አንድም ቀን» አሉ፤ ድምፃቸው ለዘብ አለ።

ሮዙን ሞርዳ አነሳች፣ ብረቱን መለሰች፣ ክሮቹን እንደገና ወጠረች። ማጉያውን ስትከፍተው ጊታሩ እንደ ጨዋ ልጅ ዝም አለ። አንስታ አማቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ራሷም አታውቅም።

«ይምቱት።»

ግራ እጃቸው አንገቱን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ቀኙ ክሮቹን ከላይ እስከ ታች ጠረጋቸው። መስኮቱ ተርገፈገፈ፣ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ ባሏ ከወንበሩ ተነሣ።

«ሠላሳ ዓመት ስወለውለው ለካ ይሄን ደብቆኝ ኖሯል!» አሉና አሁንም መቱት፣ አሁንም፣ በሳቅ እየተንከተከቱ። ሁለቱም እጃቸው ሥራ ይዞ ስለነበር አፋቸውን የሚከድን አልተገኘም። ምራታቸው አንድ በአንድ የቀረጸችው ጥርስ አንድም ሳይቀር ታየ።